ለዕረፍት ጀሪፍ ስትሄዱ ምን ወፍ፣ ምን ቢራቢሮ አያችሁ?



ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወደ ዘመድ ቤት ሄዶ የተመለሰ ተማሪ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠየቃል፤ «እዚያ ምን አየህ? ምን አየሽ?» ይባላል። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ምንም» ነው። አክስት ቤት መተኛት፣ ቡና ሲፈላ ማየት፣ ሙቀቱን ማማረር፣ ከዚያ ወደ ካምፕ መመለስ። በዚህ እትም የሳይንስ ዓምዳችን የተዘጋጀው ጀሪፍ ደርሶ የሚመለስ ተማሪ «ምንም አላየሁም» እንዳይል ነው። የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስና ትዕግሥት ብቻ ነው። ዘንድሮ የትም የማትሄዱ ተማሪዎችም አንብቡት፤ ከታች ከምናነሣቸው ወፎች አብዛኞቹ እዚሁ ከውኃ ቧንቧው አጠገብ ይገኛሉ።

ከዐይን ሌላ ግን ስም ያስፈልጋል። ባለፈው መንፈቀ ዓመት በአንድ ክፍል ውስጥ «በአማርኛ የምታውቁትን የወፍ ስም ሁሉ ጻፉ» ብዬ ነበር። አብዛኛው ተማሪ ከስድስት አላለፈም፤ ያውም ዶሮን ቆጥሮ። የቀረውን ሁሉ «ወፍ» ብሎ ይዘጋዋል። ጥፋቱ የተማሪዎቹ አይደለም። እዚህ የተወለደ ልጅ ሳቢሳን በየቀኑ ያያታል፤ ስሟን የጠራለት ግን የለም። ጀሪፍ ያለችው አያት ወይም አክስት ደግሞ ደንቢያ ወይም ቃሉ ከብት ስትጠብቅ ያደገች ናት። ጭላት፣ ዋኔ፣ ሽመላ፣ ግሪሳ፣ ቆቅ፣ ጅግራ፣ ጥምብ አንሳ፣ አባ ኮዳ እያለች ሃያ ስም ሳትደክም ትቆጥራለች። እናንተ ዐይን አላችሁ፣ እርሷ ስም አላት። ስለዚህ የዕረፍቱ ሥራ ለሁለት የሚሠራ ነው፤ ጠዋት ያያችሁትን ከሰዓት በኋላ ቡና ሲፈላ ለእርሷ ትነግሯታላችሁ፣ እርሷ ስሙን ትነግራችኋለች፣ እናንተ ትጽፋላችሁ።

ስለ ቦታው

ጀሪፍ ሁለት ነው። ጀሪፍ ገርብ በካርቱም በኩል፣ ጀሪፍ ሸርግ ደግሞ ከወንዙ ማዶ በምሥራቅ በኩል ይገኛል። በመካከላቸው የሚያልፈው፣ ሱዳኖች ባሕር አል አዝረቅ የሚሉት፣ የእኛው ዓባይ ነው። ከጣና ወጥቶ፣ ጎጃምን ዞሮ፣ የሮሴሬስንና የሴናርን ግድብ አልፎ ይመጣል። ወንዙ ለብዙ ዘመን ከደጋው ጠርጎ ያወረደው አፈር በጀሪፍ ዳርቻ ተከማችቷል። የአካባቢው ሰው ይህንኑ ጭቃ እየቆፈረ፣ ከማይን በሚባሉት ምድጃዎች እያቃጠለ ቀይ ጡብ ሲሠራ ኖሯል። ብዙ የካርቱም ቤት የቆመው በዚህ ጡብ ነው፤ አፈሩ የጎጃምና የወሎ ነው ብንል አልተሳሳትንም። ለወፍ ተመልካች የሚጠቅመው ግን ጡቡ ሳይሆን ቁፋሮው ነው። አፈሩ የተቆረጠበት ቀጥ ያለ ግድግዳ ለአንዳንድ ወፎች ጎጆ ይሆናል፤ ጉድጓዱ ውኃ ሲቋጥር ደግሞ ኩሬ ሆኖ ረጃጅም እግር ያላቸውን ወፎች ይጠራል።

ከዚህ በፊት የወጣ ጽሑፍ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ «ሂዱና እንደ ልባችሁ ተመልከቱ» ብዬ አልፍ ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ግን ካርቱም ላይ ጦርነት ተጀመረ። ቀኑን የማያስታውስ ቤተሰብ የለም፤ ለክርስቲያኖቻችን ቅዳሜ ስዑር ነበር፣ ለሙስሊሞቻችን ደግሞ የረመዳን ጾም አላለቀም ነበር። ከእናንተ ውስጥ ጀሪፍ ተወልዳችሁ በዚያ ሰሞን በሌሊት የወጣችሁ አላችሁ። የሱዳን ጦር ከተማዋን መልሶ የያዘው በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ቤታቸው የተመለሱ ቤተሰቦች አሉ። ማን ይሂድ ማን ይቅር የሚለው የወላጅ ውሳኔ ነው፤ የሚሄድም ተስሪሕ ሳይዝ ከካምፕ አይውጣ። እኔ የምናገረው ለሚሄደው ተማሪ ነው፤ ወፍ አያለሁ ብሎ አደጋ ላይ እንዳይወድቅ።

አንደኛ፣ ሰው ወዳልተመለሰበት ቤትና ግቢ አትግቡ። ያልፈነዳ ነገር በየፍርስራሹ ሥር ሊኖር ይችላል። ወፏ ወደዚያ ከበረረች ትብረር፤ ነገ ሌላ ትመጣለች። የማታውቁትን ብረት በእጅም በእግርም አትንኩ፣ ያያችሁበትን ቦታ ለትልቅ ሰው ንገሩ። ሁለተኛ፣ ደብተርና እርሳስ ይዞ በድልድይ፣ በኬላ ወይም በወታደር ሰፈር አጠገብ ቆሞ መጻፍ አይገባም። «ወፍ ነው የምጽፈው» ብትሉ የሚያምናችሁ ላይኖር ይችላል። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2012 ዳርፉር ውስጥ አንድ ጥምብ አንሳ የእስራኤል ተመራማሪዎች መከታተያ ታስሮበት ስለተገኘ «ሰላይ ነው» ተብሎ በዓለም ጋዜጣ ሁሉ ወጥቷል። አሞራ ከተጠረጠረ ልጅ አይጠረጠርም ማለት አይቻልም። ሦስተኛ፣ የጡብ ጉድጓዶቹ ጥልቅ ናቸው፤ ዳርቻቸውም ይናዳል። የተኛ ውኃ ውስጥ ደግሞ ቢልሃርዚያ አለ። ከዳር ሆኖ ማየት እንጂ መግባት የለም።

ቀድሞ ቢሆን ከጀሪፍ ወጣ ብላችሁ በነጭ አባይ ዳር የሚገኘውን የሱኑት ጫካ እንድታዩ እመክር ነበር። ሱኑት የግራር ዓይነት ነው። ጫካው እ.ኤ.አ. ከ1939 ጀምሮ የተከለለ፣ ክረምት በጎርፍ የሚዋጥ፣ በበጋ ከአውሮፓ የሚመጡ ወፎች የሚያርፉበት ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ተጨፍጭፎ ብዙው ጉቶ ሆኗል። ስለዚህ ትምህርታችን ግቢ ውስጥና በወንዙ ዳር ይሁን።

እንዴት ይታያል?

ብዙ ሰው ወፍ ሲያይ መጀመሪያ የሚናገረው ቀለሟን ነው። ይህ ስሕተት ነው። ቀለም በፀሐይ ይለወጣል፣ በጥላ ይጠፋል፣ እንደምናየውም አንዳንዱ ወፍ ልብሱን በየወቅቱ ይቀይራል። መጀመሪያ መጠኗን ለኩ። ሦስት መለኪያ ወፎች ያዙ፤ ድንቢጥ፣ እርግብና ጭላት። «ከድንቢጥ ትበልጣለች፣ ከእርግብ ታንሳለች» ማለት ከአሥር ቃል ይሻላል። ቀጥሎ ምንቁሯን ተመልከቱ፣ ምንቁር የምግብ ምስክር ነውና። አጭርና ወፍራም ከሆነ እህል ትሰብራለች፤ ቀጭን ከሆነ ነፍሳት ትለቅማለች፤ እንደ ጦር ረጅም ከሆነ ዓሣ ወይም እንቁራሪት ትወጋለች፤ እንደ ማጭድ የተቆለመመና ጠንካራ ከሆነ ሥጋ ትቦጭቃለች። ከዚያ ምን እንደምትሠራ እዩ፤ ትዘላለች ወይስ ትራመዳለች? ጭራዋን ታወዛውዛለች? ብቻዋን ናት ወይስ ከመንጋ ጋር? ቀለም መጨረሻ ይምጣ።

ሰዓቱ ደግሞ ጠዋት ከ12 እስከ 3፣ ማታ ከ10 ሰዓት በኋላ ነው። በሚያዝያና በግንቦት የካርቱም ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ እኩለ ቀን ላይ ወፍም ሰውም ጥላ ውስጥ ነው። ቢራቢሮ ግን ክንፏ ፀሐይ ካልሞቀ በደንብ አትበርም። ስለዚህ ለእርሷ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ያለው ይሻላል።

በግቢ ውስጥ

የዋኔን ድምፅ ሳትሰሙ ጀሪፍ ውስጥ አትነቁም። ትንሿ ዋኔ ደረቷ ላይ ነጠብጣብ ያለባት ናት፤ ድምፅዋ ጉሮሮ ውስጥ እንደሚቀር ሳቅ ነው። ድንቢጥም አለች፤ ከሰው ጋር የለመደች፣ ጣራ ሥር የምትወልድ። ከላይ የሚያንዣብበውና ጭራው ሹካ መሰል የሆነው ጭላት ነው፤ ሥጋ ቤት ባለበት አይጠፋም። ወላጆቻችሁ ጫጩት ሲጠብቁ በጩኸት ያባርሩት የነበረው እርሱው ነው።

በበጋ ወራት፣ ማለትም ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው፣ ውኃ በሚደፋበት ቦታ አንዲት ነጭ፣ ጥቁርና ግራጫ ቀጭን ወፍ ትሮጣለች። አትዘልም፣ ትሮጣለች፤ ስትቆም ጭራዋን ወደ ላይና ወደ ታች ታወዛውዛለች። ይህች ወፍ የምትወልደው አውሮፓና እስያ ነው፤ እዚያ በረዶ ሲመጣ ወደ እኛ ትወርዳለች። ከካምፓችን ቧንቧ አጠገብም አለች። የአማርኛ ስሟን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

ከእርግብ ጥቂት የምታንስ፣ ራሷ ላይ እንደ ጉትዬ የሚከፈትና የሚታጠፍ ላባ ያላት፣ ክንፏ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር የሆነ፣ ረጅም ቆልማማ ምንቁሯን መሬት ውስጥ እየሰካች የምትለቅም ወፍ ካያችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። ዐረቦች ሁድሁድ ይሏታል። በቁርኣን ከንግሥተ ሳባ አገር ለንጉሥ ሰሎሞን ወሬ ያመጣች እርሷ ናት፤ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ደግሞ ከማይበሉት ወፎች ጋር ተቆጥራለች፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ጅንጁላቴ ትባላለች። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤታችሁ የሚያውቃትን አንድ ወፍ ጥሩ ብባል እርሷን እጠራለሁ።

በወንዙ ዳር

ሳቢሳ ነጭ ናት። ከብት ባለበት ትገኛለች፤ ከብቱ ሲራመድ ከሣሩ የሚዘለውን ፌንጣ ትለቅማለች። ይህች ወፍ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከአፍሪካ ተነሥታ የአትላንቲክን ውቅያኖስ ተሻግራ ደቡብ አሜሪካ ደርሳለች፤ ዛሬ በሰሜን አሜሪካም ከከብት ኋላ ትሄዳለች። ማንም በመርከብ አልወሰዳትም፣ በክንፏ ነው የሄደችው።

ጥቁርና ነጭ ሆና፣ ከውኃው በላይ በአየር ላይ ክንፏን እያርገበገበች ባለችበት የምትቆም፣ ከዚያ እንደ ድንጋይ ተወርውራ ዓሣ ይዛ የምትወጣ ወፍ አለች። በሁለት እጅ የሚቆጠር ጊዜ ብትወረወር ብዙ ጊዜ ባዶዋን ትወጣለች፤ ቁጠሩና እዩ። ይህች ዓሣ አጥማጅ ወፍ ጎጆዋን የምትሠራው ከላይ ባነሣነው በተቆረጠ አፈር ግድግዳ ውስጥ ነው። በምንቁሯ ቆፍራ፣ በእግሯ አፈሩን እየጠረገች፣ ሜትር የሚያህል ዋሻ ታበጃለች። ጡብ ሠሪው ሳያውቅ ቤት ሠርቶላታል። በዚያው አካባቢ የሽቦ መስመር ላይ ተቀምጣ ንብና ዝንብ በአየር ላይ የምትቀልብ፣ አረንጓዴ፣ ከጭራዋ መካከል ሁለት ቀጭን ላባ የሚወጣላት ንብ በሊታም አለች። ከያዘችው ንብ መርዙን ለማስወጣት ሽቦው ላይ ስታሸው ታዩ ይሆናል። እኔ ይህን ያየሁ ቀን ቁርስ ሳልበላ ነበር የዋልሁት።

ከማሽላው ማሳ ውስጥ ደግሞ ቀለም መጨረሻ ይምጣ ያልሁበት ምክንያት አለ። በነሐሴና በመስከረም እንደ ፍም የቀላ፣ ሆዱና ፊቱ ጥቁር፣ ድንቢጥ የሚያህል ወፍ አገዳ ላይ ወጥቶ ላባውን ነፍቶ ሲጮህ ታገኙታላችሁ። ወንዱ ነው፤ ሚስት እየጠራ ነው። በታኅሣሥ ብትመለሱ ግን አታገኙትም። ሞቶ አይደለም፣ ሄዶም አይደለም፤ ቀዩን ልብስ አውልቆ እንደ ሚስቱ ቡናማ ሆኗል፣ ከድንቢጥ መለየትም ያስቸግራል። በቀለም ብቻ የጻፈ ተማሪ አንዱን ወፍ ሁለት ብሎ ይመዘግበዋል።

እርሱን ከግሪሳ ጋር እንዳታምታቱ። ግሪሳ ምንቁሩ ቀይ ነው፣ የሚመጣውም እንደ ደመና በመንጋ ነው። የገዳሪፍም የመተማም የቆቦም ገበሬ ያውቀዋል። አንድ ግሪሳ በቀን 10 ግራም ያህል እህል ይበላል፤ ምንም አይደለም ትሉ ይሆናል። ሁለት ሚሊዮን ያለበት መንጋ በአንድ ቀን ስንት ኩንታል ይበላል? አባዙት። 200 ኩንታል ካልመጣላችሁ እንደገና አስሉ። ወላጆቻችሁ ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ ሲያስጮኹ የዋሉት በከንቱ አልነበረም። ወንጭፍን ካነሣን፣ በግሪሳ ላይ የሚሆነው በንብ በሊታና በዋኔ ላይ አይሆንም። ለመለየት የመጣ ሰው ወፍ አይገድልም፤ የሞተ ወፍም በእጁ አያነሣም።

ስለ ሽመላ

በዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ፤ ሽመላ የእናንተን መንገድ የምታውቅ ወፍ ናትና። ከገዳሪፍ ወደ ካርቱም በመኪና ስትሄዱ፣ በመስከረምና በጥቅምት ከሆነ፣ በማሳው ላይ ነጭ፣ የክንፏ ጫፍ ጥቁር፣ ምንቁሯና እግሯ ቀይ የሆኑ ትላልቅ ወፎች ቆመው ታያላችሁ። ከአውሮፓ የመጡ ናቸው። በሰፊ ባሕር ላይ መብረር ስለማይሆንላቸው ሜዲትራንያንን በምሥራቅ ዞረው፣ በሲና አልፈው፣ የዓባይን ሸለቆ ይዘው ይወርዳሉ። ሞቆ የሚወጣውን አየር ተደግፈው ክንፍ ሳያራግቡ ስለሚንሳፈፉ ብዙ አይደክሙም፤ ባሕር ላይ ግን ያ አየር የለም።

ድሮ የአውሮፓ ሰዎች ሽመላ በክረምት የት እንደምትገባ አያውቁም ነበር። ጭቃ ውስጥ ትተኛለች የሚሉም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1822 ግን ጀርመን ውስጥ አንዲት ሽመላ ተገደለች፤ አንገቷ ላይ 80 ሳንቲ ሜትር የሚያህል ጦር ተሰክቶ ነበር። ጦሩ የአፍሪካ ነው። ወፏ አፍሪካ ተወግታ፣ ከነጦሩ በርራ አገሯ ገብታ ነበር ማለት ነው። ዛሬም በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጣ ትታያለች። ለሊቃውንቱ የወፎችን ጉዞ ካረጋገጡላቸው ማስረጃዎች አንዷ እርሷ ሆነች።

የአሁኑ ዘመን ማስረጃ ደግሞ ያስቃል። የፖላንድ ሰዎች ከአንዲት ሽመላ ጀርባ ላይ ሲም ካርድ ያለበት መከታተያ አሰሩ። ሽመላዋ ሱዳን፣ የእኛው ዓባይ ሸለቆ ከደረሰች በኋላ ወሬዋ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2018 እንደተዘገበው አንድ ሰው ሲም ካርዱን አውጥቶ ስልኩ ውስጥ ከትቶ ሃያ ሰዓት ያህል አውርቷል፤ ከአሥር ሺህ ዝሎቲ በላይ የሆነው ሒሳብ ለፖላንዶቹ ሄደ። ቀለበት ወይም መሣሪያ ያለባት ወፍ ብታገኙ እንዲህ አታድርጉ። ቁጥሩን፣ ቀኑንና ቦታውን ጽፋችሁ ለመምህራችሁ ስጡ።

ሌላ አጠር ያለች፣ ጀርባዋ ጥቁር፣ ሆዷ ነጭ ሽመላ አለች። ይህች ከአውሮፓ አትመጣም፣ የአፍሪካ ናት። ዝናብ ሊገባ ሲል ሱዳን ትደርሳለች፤ በየመንደሩ ዛፍና የሣር ቤት ጣራ ላይ ትወልዳለች፤ ዝናቡ ሲያበቃ የምድር ወገብን ተሻግራ ወደ ደቡብ ትሄዳለች። ሱዳኖች ሲምቢሪያ ይሏታል፣ ዝናብ አብሳሪ ስለሆነችም አይነኳትም። አክስታችሁ ለዚህች ሌላ ስም ካላት በተለይ ጻፉት።

ቢራቢሮዎች

በቢራቢሮ ላይ አማርኛችን ስስ ነው፤ ሁሉንም «ቢራቢሮ» ብለን እናልፋለን። ስለዚህ የምንለያቸው በመልካቸውና በሚበሉት ተክል ነው። ማታ አምፖል ዙሪያ የምትዞረው የእሳት እራት ቢራቢሮ አይደለችም። ቢራቢሮ የሁለቱ ቀንዶቿ ጫፍ እንደ ክብሪት ራስ ይወፍራል፤ የእሳት እራት ግን ቀንዷ እንደ ክር ወይም እንደ ላባ ነው። ቢራቢሮ በእጅ አትያዝም። እጅ ላይ የሚቀረው ብናኝ ዱቄት ሳይሆን ክንፏን የሸፈነው ቅርፊት ነው፤ ተመልሶ አይበቅልም።

ለመጀመር ኡሸርን ፈልጉ። በደረቅ ሜዳና በመንገድ ዳር የሚበቅለው፣ ቅጠሉ ወፍራምና አመድማ፣ ሲሰበር ነጭ ወተት የሚያወጣው ቁጥቋጦ ነው፤ በአማርኛ ጦቢያ ወይም ቅንቦ የሚሉት አሉ። ወተቱ መርዝ ነው። ዐይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል፤ ቅጠሉን አትቁረጡ፣ ከነካችሁም ዐይናችሁን ከማሸታችሁ በፊት በሳሙና ታጠቡ። ቅጠሉ ሥር ቀስ ብላችሁ ብታዩ ጥቁር፣ ነጭና ቢጫ ቀለበት ያለው አባጨጓሬ ታገኙ ይሆናል። እርሱ ያንን መርዝ ይበላል፣ አይሞትም። መርዙን በሰውነቱ ያኖረዋል፤ ሙሽሬ ሆኖ ቆይቶ ቢራቢሮ ሲሆንም መርዙ አብሮት ይወጣል። ክንፏ ብርቱካንማ፣ ጫፉ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ነው፤ አንዳንዷ የኋላ ክንፏ ነጣ ይላል። በዝግታ ትበራለች፣ አትቸኩልም። አንዴ ቀምሷት ያስመለሰው ወፍ ሁለተኛ አይነካትም።

አሁን አስቸጋሪው መጣ። ይህችን ቁርጥ የምትመስል፣ ነገር ግን መርዝ የሌላት ሌላ ቢራቢሮ አለች። አባጨጓሬዋ የሚያድገው ሱዳኖች ወጥ በሚሠሩበት በሪጅላ ላይ ነው። ወፎች መርዘኛዋ እየመሰለቻቸው ይተዉአታል። ሴቷ ናት የምትመስለው፤ ወንዱ ጥቁር ሆኖ በሐምራዊ የተከበቡ ነጭ ክቦች አሉት፣ ባልና ሚስት ናቸው ብሎ የሚያምን የለም። እኔ ለብዙ ዓመት ሁለቱን ብርቱካንማዎች አንድ እያልሁ አስተምሬያለሁ፤ እርማቴን እዚሁ ተቀበሉ። መለያው የኋላ ክንፍ ነው። መርዘኛዋ በክንፉ መካከል ሦስት ወይም አራት ጥቁር ነጥብ አላት፤ አስመሳይዋ ከላይኛው ጠርዝ አጠገብ አንድ ብቻ አላት። ከሁለት እርምጃ ርቀት፣ አበባ ላይ ስታርፍ ቁጠሩ።

በአክስታችሁ ግቢ ሎሚ ካለ ቅጠሉ ላይ የወፍ ኩስ የሚመስል ነገር እዩ። ሲንቀሳቀስ አባጨጓሬ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ከፍ ሲል አረንጓዴ ይሆናል፣ በመጨረሻም ጥቁርና ቢጫ ሆና የምትበር ትልቅ ቢራቢሮ ይወጣዋል። አክስታችሁ ሎሚዬን በላብኝ ብላ ብትቆጣ እውነቷን ነው፤ አንድ ሁለቱን እንድትተውላችሁ ለምኑ።

አንዲት ሌላ ደግሞ ጽጌረዳማ ብርቱካን፣ የክንፏ ጫፍ ጥቁርና ነጭ፣ ፈጣን፣ መሬት ላይ የምታርፍ አለች። ክብደቷ አንድ ግራም አይሞላም። ከአውሮፓ ተነሥታ ሜዲትራንያንንና ሰሐራን አቋርጣ ከበረሓው በስተደቡብ ትደርሳለች። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ዘሮቿ ተመልሰው ወደ ሰሜን እንደሚሻገሩ አሳይቷል። እንዴት ታወቀ? አባጨጓሬው የበላው ቅጠል የጠጣው ውኃ የየአገሩ ምልክት አለው፤ ያ ምልክት ክንፍ ውስጥ ይቀራል። ሜዲትራንያን ዳር የተያዙ ቢራቢሮዎች ክንፍ ሲመረመር ያደጉት ከሰሐራ በታች ሆኖ ተገኘ።

ደብተሩ እንዴት ይጻፋል?

እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦ «ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል። ጀሪፍ ገርብ፣ የአክስቴ ግቢ። ከድንቢጥ ታንሳለች። ምንቁሯ ቀጭን፣ ቆልመም ያለ። አበባ ውስጥ ትከተዋለች። ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሆዱ ደማቅ ቢጫ፣ ጭራው ረጅም ነው፤ ሌላዋ ደብዛዛ ናት። አክስቴ ‹ማር ቀማሽ እንላት ነበር› አለች፤ ጎረቤታችን ግን አታውቃትም።» ይህን የጻፈ ተማሪ የወፉን የመጽሐፍ ስም ባያውቅም እኔ አንብቤ የትኛዋ እንደሆነች አውቃለሁ። ስም ከሁለት ሰው ሁለት ዓይነት ቢመጣ ሁለቱንም ጻፉ፤ የነገራችሁን ሰው አገርም አብራችሁ አስፍሩ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ800 በላይ የወፍ ዓይነቶች ተመዝግበዋል። በየወረዳው ስሙ ይለያያል፤ የጎንደሩ ከወሎው ቢለይ አንዱ ተሳሳተ ማለት አይደለም።

ወላጆች፣ ለእናንተም ሥራ አለን። ሦስት ወፎች ስም አጥተው ደብተራችን ውስጥ ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ቧንቧ ዳር እየሮጠች ጭራዋን የምታወዛውዘው ናት። ሁለተኛዋ በማሽላ ውስጥ ቀይ የምትለብሰው ናት። ሦስተኛዋ በወንዝ ዳር ሰው ሲቀርብ የምትጮኽ፣ ባዶ መሬት ላይ የምትወልድ፣ ራሷ ጥቁር፣ ጉንጯ ነጭ፣ ጀርባዋ አፈርማ የሆነች፣ እርግብ የምታህል ናት። በልጅነታችሁ ምን ትሏቸው እንደነበር ለልጃችሁ ንገሩ፤ መጻፍ የምትችሉ በወረቀት ላኩ፤ የማትችሉ ትምህርት ቤት ብቅ ብላችሁ ብትነግሩን እኛ እንጽፋለን። የአባት የእናታችሁ ስም ሳይሆን የወረዳችሁ ስም ይበቃል።